የማትሰማዋ አይጥ

ሰውዬው ከምርምር ተቋሙ የአይጥ ቤት በጡረታ ከወጣ ስድስት ዓመቱ ነው። ዛሬም በእንጨት ሥራ ቤት በር ሲያልፍ ሰጋቱራው ከሸተተው ቆም ይላል።

"ደግሞ ጀመረህ!" ትለዋለች ሚስቱ። "ሰው ዘመዱን ይናፍቃል፣ አንተ አይጥ!"

ምን ያድርግ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሰጋቱራቸውን የቀየረላቸው እሱ ነው። አራት ሺህ ሳጥን፣ በየሳጥኑ ግንባር አንድ ካርድ። ሥራው ምን እንደሆነ ምርምሩን የምትመራው ዶክተር አንድ ቀን አስረድታዋለች።

"ጋሼ፣ ዘረ መል እንደ መኪና ብሎን ያስቡት። አባትየውን ብሎን የሚያላላ መድኃኒት እንወጋዋለን፤ ከዚያ በልጅ ልጆቹ ላይ የትኛው ብሎን እንደላላ አናውቅም። አንዷ ስትንገዳገድ፣ አንዷ ያለ ልክ ስትወፍር ነው ያ ብሎን ለምን እንደሚያገለግል የሚገባን።"

ምንም ያልተገኘባቸው ዓርብ ዓርብ ይወገዳሉ።

ካርዱ ላይ "አስተያየት" የሚል ባዶ መስመር ነበረ። እሱ አንድም ቀን ጽፎበት አያውቅም። ፊደሉ ጠማማ ስለሆነ ያፍራል።

አንድ ረቡዕ የብረት ክዳን ከእጁ አምልጦት ሲሚንቶው ላይ ጓ! አለ። መደርደሪያው ሙሉ ዘለለ። አንዲት ግራጫ ብቻ ፊቷን ማሻሸቷን አላቋረጠችም። ሐሙስ ሆን ብሎ ጣለው። ያው ናት። ክብደቷም፣ አካሄዷም፣ ዓይኗም ደህና ነው ተብሎ በማግስቱ ከሚወገዱት ተደምራለች። ላቡ ጠብ እስኪል ታግሎ ጻፈ፦ "ይች አይጥ አትሰማም።"

ዓርብ ጠዋት ዶክተሯ አንብባ ከት ብላ ሳቀች። "ውይ ጋሼ! የምትሰማ አይጥ አለች እንዴ? እኔንስ እዚህ ቤት ማን ይሰማኛል!" ሳጥኑን ከሚወገዱት ጋር ጋሪው ላይ መለሰችው።

ፊቱ ጋለ። እሱ ሲጽፈው ጆሮዋን ማለቱ ነበር፤ ሲነበብ ጠባይዋ ሆኖ ቁጭ አለ። ወደ ሥራው ሊመለስ ነበር። መጥረጊያውንም አንስቷል። ጋሪው በሩን ሊያልፍ ሲል ግን፣

"ዶክተር!" አለ። ድምፁን ራሱ አላወቀውም። "ጠባይዋን አይደለም። ጆሮዋን ነው።"

ክዳኑን አንስቶ ለቀቀው። ጋሪው ላይ ያሉት በሙሉ ዘለሉ፣ ዶክተሯም ጭምር። ግራጫዋ ሰጋቱራዋን ትቆፍራለች።

ዶክተሯ ወደ ጋሪው ጠጋ አለች። ከዚያ ሳጥኑን በሁለት እጇ አቅፋ አወረደችው። "እህቶቿ የትኞቹ ናቸው ጋሼ? ይምጡ ያሳዩኝ።"

ካርድ ሳያይ ቀጥ ብሎ ሄዶ ሁለት ሳጥን አወጣላት። ለአንድ ሳምንት ክፍሉ ቆርቆሮ የሚቀጠቀጥበት ቤት መሰለ። እሷ ክዳን ትጥላለች፣ እሱ ጎንበስ ብሎ አይቶ "ይቺ ሰማች፣ ይቺኛዋ አልሰማችም" ይላል፣ እሷም እሱ እንዳለው ትጽፋለች። እንደዚያ ያለ ሳምንት ከዚያ ወዲህ አልመጣለትም።