አሮጌ የሚመስለው አዲስ ካሜራ

በአሮጌው የአቃቂ ባቡር ጣቢያ አጥር ሥር ቆሎ የምትሸጠው አደሴ የሽማግሌውን ፎቶ አንሺ ስም ጠይቃ አታውቅም፤ «ጋሼ ፎቶ» ትላቸዋለች። ሁልጊዜ ክራቫት ያስራሉ። ፊልም ከገበያ ከጠፋ ወዲህ ባዶውን የሚዞረውን ካሜራቸውንም ከአንገታቸው አያወልቁም። ሰው ሁሉ በስልኩ ስለሚነሳ ውለው የሚገቡት እንዲሁ ነው።

ሰሞኑን ደግሞ አዲስ ተስፋ ይዟቸዋል። ስልካቸውን አውጥተው የአንድ ካሜራ ምስል አሳዩዋት።

«ውስጡ ዲጂታል፣ ላዩ የድሮ። የእህቴ ልጅ ከዱባይ ልታመጣልኝ ነው።»

«ይሄማ አንገትዎ ላይ ያለው አይደል እንዴ?»

«ይሄ የሞተው ነው፤ ያኛው ሞቶ የተነሳው። እሱ ሲመጣ ሰው ወደ እኔ ይመለሳል።»

ትናንት ወደ ቂሊንጦ ፋብሪካ የሚወስዳቸውን ሰርቪስ የሚጠብቁ ሁለት ልጃገረዶች ሲያዩዋቸው ጠጋ አሉ። ጋሼ ፎቶ ክራቫታቸውን አስተካከሉ።

«ፋዘር፣ ካሜራውን ያውሱኛል? አንገቴ ላይ አድርጌው ልነሳ ነው» አለች አንደኛዋ።

አደሴ አፍራላቸው ፊቷን ወደ ቆሎው መለሰች። እሳቸው ግን ካሜራውን ለልጅቷ አጠለቁላት።

«አገጭሽን ዝቅ፣ ትከሻሽን ቀና። ትንፋሽሽን ያዥ!»

ጓደኛዋ በስልኳ አነሳቻት። ሰርቪሱ መጣና ካሜራውን መልሰው እየሳቁ ተሳፈሩ።

ጋሼ ፎቶ ካሜራውን በመሐረባቸው ጠረጉ።

«አየሽ አደሴ፣ የድሮ መልክ ተፈላጊ ሆኗል። አዲሱ ይምጣ ብቻ!»

አደሴ አንድ እፍኝ ቆሎ ዘግና ዘረጋችላቸው።

«እስኪመጣ ይሄን ይቆርጥሙ፣ ጋሼ።»