ውሃው አልተመረዘም

የያዙኝ የውሃ ወረፋ ላይ ነው። ጥፋቴ «ይኼ ውሃ አልተመረዘም፤ ዝገት ነው» ማለቴ ነበር። ከኮኪት ወዲህ ባለ የሰሊጥ እርሻ፣ ከአዲሱ ጉድጓድ የተቀዳ ውሃ በርሜል ውስጥ ሲያድር ቀላ፤ በዚያው ሰሞን ጥቂት ሠራተኞች ታመው ተኙ። አንድ ባለሥልጣን ስብሰባ ጠርቶ «ከሱዳን ሰርጎ የገባ ሰው መርዞታል» አለ። እኔ የኬሚስትሪ መምህር ነኝ፤ አፌን መያዝ አልቻልኩም።

ያስገቡኝ ክፍል ግድግዳውም ጣሪያውም ቆርቆሮ ነው። የመተማን ፀሐይ ለሚያውቅ ሌላ ምን እነግረዋለሁ! ጥግ ላይ አንድ ቀጭን ሰው ተቀምጧል። በርሜሉን የሞላው፣ መራዥ የተባለው እሱ ነበር። የወሎ ሰው ነው፤ ፖርት ሱዳን ወደብ ላይ ጭነት ሲያወርድ ኖሮ፣ ጦርነቱ ሲነሳ በገላባት በኩል ድንበር ተሻግሮ እርሻ ላይ የተቀጠረ።

«መምህር፣ እኔ ውሃ ነው የቀዳሁት። ወላሂ ሌላ ነገር አልነካሁም» አለኝ።

«አውቃለሁ» አልኩት። እንባው መጣ። እስከዚያ ቀን «አውቃለሁ» ያለው ሰው አልነበረም።

ረፋዱ ላይ ዘበኛው በጀሪካን ውሃ አመጣልን። ከየት ቢሉ ከዚያው ጉድጓድ! ለሕዝቡ መርዝ ነው ይላሉ፣ ለእስረኛ ግን ይበቃል። ገና እንደተቀዳ ስለነበር ኩልል ያለ ነው። ክፍሉ ውስጥ ከወደቁት ሁለት የውሃ ፕላስቲኮች አንዱን እስኪፈስ ሞልቼ ክዳኑን ጥርቅም አደረግሁት፤ ሌላውን አጋምሼ ክፍቱን ተውኩት። ከቀትር በኋላ ክፍቱ ቀላ። የተዘጋው እንደነበረ ነው።

«ምን ጉድ ነው ይኼ?» አለ ጓደኛዬ።

«መሬት ውስጥ አየር የለም። አየር በሌለበት ብረት ውሃ ውስጥ ይሟሟል፤ ዓይን አያየውም። አየር ሲያገኘው ይዝጋል። የባሕር ጠረፍ ላይም እንዲሁ ነው፤ ውሃው ውስጥ የሚበሰብሰው ነገር ኦክስጅኑን ሲጨርሰው፣ ጭቃው ውስጥ ያለው ብረት እየሟሟ ወደ ውሃው ይወጣል። ኦክስጅን ያለበት ሲደርስ ዝጎ ይሰጥማል።»

«ኧረ አይቸዋለሁ! ወደቡ ጥግ ጭቃው እንደ ከሰል ጥቁር ነው፤ ይገማል። አውጥተው ሲደፉት ውሎ አድሮ ቡናማ ይሆናል።»

«ጥቁሩ ብረትና ድኝ ነው። ሲዝግ ነው የሚቀየረው።»

«እንግዲያ ባሕሩንም እኔ መረዝኩት በላቸው!» ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ወዲያው አንድ መርማሪ በሩን ከፈተው። «ሽማግሌዎች ግቢው ውስጥ ተሰብስበዋል። ሁለታችሁም ውጡ። አንተ መምህሩ፣ ‹ተሳስቻለሁ፣ ውሃው ተመርዟል› በል፤ ዛሬውኑ ቤትህ ትገባለህ።»

ሁለቱን ፕላስቲክ ይዤ ወጣሁ። «አባቶቼ፣ ይኼ ሰው ምንም አላደረገም» አልኩና ከቀዩ ጠጣሁ። መርማሪው ጮኸ። የቀረውን የወሎው ሰው ከእጄ ነጥቆ ጨለጠው።

አንድ ሽማግሌ ጠጋ ብለው «ልጄ፣ ምን ምን ይላል?» አሉኝ።

«ምስማር ምስማር ይላል፣ አባቴ።»

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። መርማሪው ግን ክንዴን ጨምድዶ «ብትሞት ማን ሊጠየቅ ነው?» አለኝ።

«ከሞትኩማ እናንተ ልክ ናችሁ። ጠዋት መጥተህ እየኝ።»

መርማሪው ጎህ ሳይቀድ መጥቶ በቆርቆሮው ቀዳዳ አጮለቀ። የወሎው ሰው ቁጭ ብሎ ጠበቀውና «ደኅና አደሩ?» አለው።

ሽማግሌዎቹ ነገሩን አልተዉትም፤ እየተመላለሱ ሰውየውን አስፈቱት። እኔን «ሕዝብ አነሳስተሃል» ብለው ሰሊጡ ታጭዶ እስኪያልቅ አቆዩኝ። ከወጣሁም በኋላ ወደ ማስተማሩ አልመለሱኝም።

አሁንም ሸሕዲ ገበያ ላይ የሚያውቀኝ ሰው ያገኘኝና «ምናለ የሚሉህን ብለህ ብትወጣ? አንዲት ቃል እኮ ናት!» ይለኛል። ያናድደኛል። አዎ፣ ለእኔ አንዲት ቃል ነበረች። ለወሎው ሰው ግን አንገቱ ነበር።