ማን እንደላከው ያልጠየቅነው ሰው

ይህ ነገር የደረሰብኝ አምና፣ ፋሲካ አልፎ ብዙም ሳይቆይ፣ እዚሁ ኮልፌ ነው። ብዙ ነገር እረሳለሁ። ይህን ግን በር በተንኳኳ ቁጥር አስታውሰዋለሁ።

ልጄ አልማዝ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ከቤታችን ጎን ሁለት ክፍል ተከራይተው አንድ ማኅበር አቁመው ነበር። ሰው ሳይከሰስ ሲታሰር ለዘመዶቹ ማመልከቻ ይጽፉላቸዋል፣ ፍርድ ቤትም አብረዋቸው ይሄዳሉ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ደግሞ እኛን የሰፈር ሴቶችን ፊደል ያስቆጥሩናል፤ መብት ምን እንደሆነ፣ ዲሞክራሲ የሚሉትም ምን እንደሆነ ያስረዱናል። የቤቱን ኪራይና የወረቀቱን ወጪ የሚችለው እንዲህ ያሉ ማኅበሮችን የሚረዳ አንድ የውጭ አገር የበጎ አድራጎት ድርጅት ነበር። አሁን ይህን የምጽፈውም እዚያ በተማርኩት ነው። ከዚያ በፊት ፈርሚ ስባል አውራ ጣቴን ነበር የማስነካው።

እኔ ግን ፈሪ ነኝ። ሟቹ ባለቤቴ ጠላ ቤት ውስጥ ስለ መሬት አንድ ነገር ተናግሯል ተብሎ ተወስዶ አምስት ወር ቆይቷል። ሲመለስ ከሰው ጋር መጨዋወት ትቶ ነበር። ስለዚህ አልማዝ ያንን ሥራ ስትጀምር ጎረቤት ኮራ፣ እኔ ግን ማታ ማታ እስክትገባ ደጅ ላይ እጠብቃት ነበር።

በዚያ ሰሞን አልማዝ አንድ ነገር ነገረችን። ድርጅቱ የመጪውን ዓመት ርዳታ ከመፍቀዱ በፊት ሥራው በእርግጥ መኖሩን የሚያይ ሰው ይልካል። ቀኑን አስቀድሞ አይናገርም፣ የሰፈሩንም ሰው ያነጋግራል። እኛም ገንዘቡ የፈረንጅ ስለሆነ የሚመጣውም ፈረንጅ ነው ብለን ደመደምን። አግዳሚ ወንበሮቹን አጠብን። ጎረቤቴ ወይዘሮ ዘነበች ነጭ ቀሚሷን አጥባ አዘጋጀች። "ፈረንጁ እኔን ካየማ ርዳታውን ትቶ እኔኑ ይዞ ይሄዳል" እያለች ታስቀን ነበር።

ማክሰኞ ረፋዱ ላይ አንድ ሰው ከፌርማታው በእግሩ መጣ። ያገራችን ሰው ነው። ካፖርት ለብሷል፣ ጥቁር መነጽር አድርጓል፣ ደብተር ይዟል። አልማዝና ጓደኞቿ ልጇ የታሰረባትን አንዲት እናት ይዘው ፍርድ ቤት ሄደዋል። የማኅበሩ በር ዝግ ነው፤ ቁልፉ መቀነቴ ውስጥ ነው። ሰውየው በሩ ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቦ ወደኔ መጣና እጅ ነሳኝ።

ስለ መብት የሚያስተምር ማኅበር እዚህ አለ ሲሉ መስማቱን ነግሮኝ፣ አውቀው እንደሆነ ጠየቀኝ። አላውቅም አልኩት።

"በሩ ላይ ተጽፏል እኮ፣ እመቤቴ።"

"እኔ ማንበብ አልችልም፣ ጌታዬ።"

እንደዚያ ስል ጽሑፉ ፊት ለፊቴ ነበር። ዓይኔ ሳልፈልግ ያነበው ነበር።

"አልማዝ የምትባል ልጅስ ያውቃሉ?"

"እንዲያ የምትባል ሰው እዚህ የለችም።"

ስሟን ሲጠራው ጆሮ ጠቢ ነው፣ ልጄን ሊወስዳት ነው የመጣው አልኩ በልቤ። እሱ ደብተሩ ላይ ጻፈና ወደ ቀጣዩ ቤት አለፈ።

እኔ በጓሮ በኩል ዞሬ የእድራችን ለፋፊ ጋሽ ወርቁ ዘንድ ሮጥኩ። ቀብር ሲኖር በየደጁ ጡሩምባ እየነፋ የሚጠራን እሱ ነው። ለሰው ሁሉ፣ ስለ ማኅበሩ ለሚጠይቅ ሰው ምንም አናውቅም በሉ ብለህ ንገርልኝ፣ ግን ያለ ጡሩምባ አልኩት። "ያለ ጡሩምባ ለፍፌ አላውቅም፤ እስቲ እሞክራለሁ" ብሎ በአቋራጭ ወጣ። ሰውየው በደረሰበት ደጅ ሁሉ ጋሽ ወርቁ ቀድሞት ነበር። ወይዘሮ ዘነበች ያ ቤት የእህል መጋዘን ነው አለችው። ሌላዋ ጠጅ ቤት ነበር፣ ተዘግቷል አለች። ሁላቸውም ቅዳሜ ቅዳሜ ከኔ ጎን የሚቀመጡ ናቸው። ሰውየው እኩለ ቀን ላይ ደብተሩን አጥፎ ወደ ፌርማታው ወረደ። እኛ ደግሞ ተሰብስበን አሳፍረን መለስነው ብለን ሳቅን።

አልማዝ አመሻሽ ላይ ስትመጣ ደስ ብሎኝ ነገርኳት። ስለ መነጽሩ፣ ስለ ደብተሩ፣ እጅ መንሳቱንም ሳይቀር። መደብ ላይ ተቀመጠች።

"እማዬ፣ ማን እንደሆነ ጠየቅሽው?"

"አልጠየቅኩትም።"

"ማን እንደላከውስ?"

ከፊደል ቀጥሎ የተማርነው የመጀመሪያ ትምህርት ይኸው ነበር። ማንም መጥቶ ሲጠይቃችሁ ማን ነህ፣ ማን ላከህ ብላችሁ ጠይቁ፤ መብታችሁ ነው ትለን ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ አብረን ጮክ ብለን እንለው ነበር። ከሁሉም የኔ ድምፅ ይበልጥ ነበር።

በማግስቱ አልማዝ የድርጅቱ ሰዎች ዘንድ ሄዳ አስረዳች። ድርጅቱ የላከው ያ ሰውዬ ግን ያየውንና የሰማውን ጽፎ አስረክቧል። ማኅበሩን የሚያውቅ አንድ ሰው እንኳ አላገኘሁም ብሏል። እውነቱን ነው። የሷን ማስረዳት ደግሞ ከነገሩ በኋላ የተፈለሰፈ ምክንያት አድርገው ቆጠሩት። ርዳታው ቀረ፤ ክረምቱ ሳይወጣ ቤቱ ተዘጋ። ቁልፉን ለአከራዩ የመለስኩት እኔ ነኝ።

ልጇ የታሰረባት እናት ከዚያ በኋላ አንድ ጠዋት መጥታ የተዘጋው በር ላይ ቁጭ ብላ አገኘኋት። ተዘግቷል አልኳት። ለምን አላለችኝም። ነጠላዋን አራግፋ ወደ ዘነበወርቅ በሚወስደው መንገድ ሄደች። ልጇ ይፈታ አይፈታ እስከ ዛሬ አላውቅም።

አልማዝ አሁን አንድ መሥሪያ ቤት ታይፕ ትመታለች። ማታ ትመጣለች፣ ትበላለች፣ ትተኛለች። አንድም ቀን ክፉ ቃል አልተናገረችኝም። ብትናገረኝ ይሻለኝ ነበር ብዬ አስብ ነበር፤ አሁን እሱንም ማሰብ ትቻለሁ። ማልቀስ ያለብኝ ይመስለኛል፤ አይመጣም።

ባለፈው ሳምንት አንድ ሰው በሬን አንኳኳ። ከደጃፉ ሳልነቃነቅ፣ ማን ነህ፣ ማን ላከህ አልኩት። የውሃ ቆጣሪ የሚያነብ ነኝ ብሎ ሳቀና ወረቀቱን አሳየኝ። ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። አልማዝ ጓዳ ነበረች፤ ሰምታኛለች። የምታጥበው ዕቃ ድምፅ ለአፍታ ቆመ፤ ከዚያ ሥራዋን ቀጠለች።