ካሴ ዳምጤ ወደ ሐይቁ ወርዶ ያየው

ጥር ፳፱ ቀን ፳፻፲፭ ዓ.ም.፣ የነነዌ ጾም በገባበት ሰኞ። ካሴ ዳምጤ ጥላዬ።

በዚህ ስም የሚጠራው ሰው በላይ ጋይንት ወረዳ፣ ከንፋስ መውጫ ከተማ ወጣ ብሎ ገብስና ባቄላ የሚያርስ፣ ትምህርቱን ከአራተኛ ክፍል ያቆመ፣ ዕድሜው ስድሳን የተጠጋ ገበሬ ነው። የሚያውቁት ሰዎች ስለ እርሱ ሲናገሩ መጀመሪያ የሚያነሡት ጥርጣሬውን ነው። እህል ሲገዛ ጆንያውን እስከ ሥሩ ያስገለብጣል። ቄስ ሲባርኩት እንኳ ዓይኑን አይጨፍንም ይባላል። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለውን ተረት ሌላው ሰው ለጨዋታ ያመጣዋል፤ ካሴ ግን ኖሮበታል። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ይኸው ጠባዩ ራሱን ካሴን አድክሞት ነበር። የድካሙ ምክንያት ልጁ ትዝታ ናት።

ትዝታ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ ውጤት ሳይመጣላት ሲቀር፣ ከሁለት ዓመት በፊት ወደ ቆላ ወረደች። ላንጋኖ ሐይቅ ዳር ባለ አንድ መዝናኛ ልብስ አጣቢ ሆና እንደ ተቀጠረችም ላከች። እናቷ የሻረግ እፎይ አለች። ካሴ ዝም አለ። ዝምታውን ወደ ቂም የለወጠው ጎረቤቱ እንዳልካቸው ነው። ሰንበቴ ተቀምጠው ጠላው ሲዞር፣ የእንዳልካቸው ምላስ እንደ ልማዱ ቀለል አለው።

«ካሴ፣ ያ አገር ሰው ራቁቱን የሚውልበት ነው ይላሉ። ራቁቱን ለሚውል ሰው የምን ልብስ ይታጠባል?»

ማኅበርተኛው ሣቀ።  ጥያቄው ግን ካሴን ከሰንበቴው ቤት ተከትሎት ወጣ፤ እርሻ ላይም መኝታው ላይም አልለቀው አለ። ከዚያ ቀን ወዲህ ልጁ የላከችውን አንዳች ነገር አልነካም። ባለፈው ፋሲካ ትዝታ ለእናቷ በላከችው ገንዘብ የሻረግ ሙክት ገዝታ ስታስገባ፣ ካሴ ቢላዋውን አልሳለም። የራሱን አውራ ዶሮ አርዶ ፈሰከ። በጉ ለእንቁጣጣሽም ለገናም ሳይታረድ ቀረ። ላቱ እስኪከብደው ሰብቶ፣ ደጁ ላይ እንደ ጡረተኛ ይንጎራደድ ጀመር። መንደሩ «የትዝታ በግ» ይለዋል። ምክንያቱን በአፉ የተናገረ ሰው አልነበረም፤ ነገር ግን ሁሉም ያውቀዋል። አባት የልጁን እንጀራ አልቀምስም ካለ፣ ልጅ አይደለሽም ከማለት የሚለየው ጥቂት ነው።

መዝናኛው ሁለት ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ፣ እንግዳ በሚቀንስበት በሳምንቱ መካከል፣ ወላጆቹን አምጥቶ ሁለት ሌሊት እንዲያሳርፍ ይፈቅዳል። የትዝታ ተራ ሲደርስ ደወለች። የሻረግ፣ አባትየው እንቢ ይላል ብላ ስትፈራ፣ እርሱ ሳይለመን እሺ አለ። ዕረፍት አምሮት አልነበረም። «ዓይን ካላዩበት ግንባር ነው» ብሎ ነው የተነሣው።

ውቂያው አልቆ፣ ገለባው ተከምሮ፣ አስተርዮ ማርያም በዋለች ማግስት ከንፋስ መውጫ ተሳፈሩ። የሻረግ አዲስ ነጠላዋን ያዘች። ካሴ አንድ ከረጢት ዳቦ ቆሎና በሶ ተሸከመ። ምግቡ እዚያ እንደሚቀርብ ብትነግረው፣ ስንቅ አይከብድም ብሎ መለሰላት። ስንቁ ግን ይከብድ ነበር፤ ገና ባሕር ዳር ሳይደርሱ ትከሻውን ቆርጦታል። መኪና ላይ ሲውሉ፣ መናኸሪያ አጠገብ ሲያድሩ፣ እንደገና ሲሳፈሩ፣ ረቡዕ ቀትር ላይ ከሐይቁ ደረሱ። ካሴ ከመኪናው ሲወርድ ሙቀቱ እንደ ረጠበ ጋቢ ተጫነው።

ትዝታ የሥራ ልብሷን እንደ ለበሰች በር ላይ ጠብቃ ጉልበቱን ሳመች። ከስታለች። እጆቿን ቶሎ ብላ ወደ ኪሷ መለሰቻቸው፤ ይህንም አየ።

ሐይቁ እንደ ሰማው አልሆነለትም። ውሃው የክረምት ጎርፍ የመሰለ፣ ታቹ የማይታይ ነው። ዳሩ ላይ ባለው አሸዋ፣ ከትልልቅ ጥላዎች ሥር፣ ሰዎች ዘንበል ባሉ አልጋዎች ላይ ተጋድመዋል። ራቁታቸውን ናቸው ለማለት ያስቸግራል፤ ለብሰዋል ለማለት ደግሞ ይበልጥ ያስቸግራል። ካሴ መሬት መሬት እያየ አለፈ። በጋይንት በቀን የሚጋደም ሰው ወይ ታሟል ወይ ሐዘን ደርሶበታል። እነዚህ ግን ሊጋደሙ ብለው ከሩቅ የመጡ ናቸው። ፊታቸውን ሰረቅ አድርጎ ባየ ቁጥር ታዲያ ያረፈ ሰው ፊት አላገኘበትም። ስልካቸውን ያያሉ፣ ይገላበጣሉ፣ ልጆቻቸውን ይጣራሉ፣ ተመልሰው ስልካቸውን ያያሉ። ዕረፍት እንዲህ የሚያደክም ከሆነ ሥራቸው እንዴት ያለ ይሆን ብሎ አሰበ።

ትዝታ የጾም ምግብ አሠርታ፣ ሽሮውንም ምስሩንም ጎመኑንም በትሪ ይዛ መጣች። ካሴ ረቡዕ መሆኑን፣ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሆን እንደማይቀምስ ነገራት። ልጅቱም ደግ ብላ ከድና ሄደች። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ደግሞ መንገዱ ሆዱን እንደ ዘጋው ተናገረ። የሻረግ ብቻዋን በላች። እርሱ ከተሰጣቸው ክፍል ጀርባ ባለ ግራር ሥር ተቀምጦ፣ በሶውን በጥብጦ ጠጣ። ጾሙ ለዚያን ቀን ከለላ ሆነለት።

ማታ ሲገቡ ክፍሉ ሁለት አልጋ ነበረው፤ በላያቸው አጎበር ተዘርግቷል፤ አንሶላው እንደ ወተት ነጭ ነው። የሻረግ እንደ ተኛች ነጋላት። ካሴ ጋቢውን ወለሉ ላይ አንጥፎ ተጋደመ። አንሶላውን ያነጠፈው ማን እንደ ሆነ ያውቃል፤ ከእጇ ሳይበላ ባነጠፈችው ላይ መተኛት አልሆንለት አለ። ጠዋት ትዝታ ክፍሉን ልታስተካክል ስትገባ፣ የአባቷን አልጋ ራሷ እንዳነጠፈችው ሳይነካ አገኘችው።  ያልቆሸሸውን አንሶላ አንሥታ ሌላ ንጹሕ አነጠፈች፤ ጠርዙንም ከፍራሹ ሥር በመዳፏ ጠበቅ አድርጋ ከተተችው። ያን ጊዜ እጆቿን አየ። ጣቶቿ ከነመገጣጠሚያቸው ተሰነጣጥቀዋል።

ቁርስ ላይ ዳቦውም እንቁላሉም ወተቱም ተደርድሮ ቆየው። ካሴ ሆዱ ገና እንዳልተከፈተ ተናገረ። ትዝታ ሳህኑን እንደ ያዘች ቆመች።

«አባዬ፣ ትናንት ረቡዕ ነበር። ዛሬ ሐሙስ ነው» አለችው።

እርሱ ወደ ሐይቁ አየ።

«በጉም እንዳልታረደ ሰምቻለሁ። እማዬ አልነገረችኝም፤ አገር ነው የነገረኝ። ያጠፋሁት ካለ ይንገሩኝ። ከሌለ ይብሉ።»

ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።  ካሴ፣ የት ነው የምትሠሪው ብሎ ጠየቃት። ከወጥ ቤቱ ጀርባ እንደ ሆነ፣ ከፈለገ መጥቶ ማየት እንደሚችል ነግራው፣ ሳህኑን አስቀምጣ ወደ ሥራዋ ሄደች። የሻረግ እንቁላሏን እየላጠች ባሏን ቀና ብላ አየችው።

«አንቱ ሰው፣ ሦስት ቀን ሙሉ በመኪና የተንገላታነው በሶ ልንጠጣ ነው እንዴ?» አለች።

ካሴ ዱላውን ይዞ ተነሣ።

የልብስ ማጠቢያው ቤት ቆርቆሮ ክዳን ያለው፣ ከውጭው ይልቅ ውስጡ የሚሞቅ ቤት ነው። በመስኮቱ ቆሞ ተመለከተ። አንሶላ እንደ ነዶ ተከምሯል፤ ፎጣም እንደዚያው። ትዝታና ሌላ ሴት አንሶላውን በአራት ማዕዘኑ ይዘው ያራግፋሉ፣ ያጥፋሉ፣ ይደራርባሉ፤ ያለቀውን ያህል ሌላ ቆሻሻ በጋሪ ይመጣል። ሐይቁ ላይ ያየው የተጋደመ ሰው ሁሉ አንሶላና ፎጣ አለው ለካ። ሰው ሊያርፍ ከመጣ ዕረፍቱን የሚያጥብለት ሌላ ሰው ያስፈልጋል። ማሽኑ አንዱን ዙር ጨርሶ ዝም ሲል፣ ትዝታ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ ቆማ ዓይኗን ጨፈነች። ቆማ ነበር ያንቀላፋችው። ካሴ በሬ ከቀንበር ሲፈታ፣ ሣሩን ከማየቱ በፊት እንዲህ ቆሞ እንደሚያሸልብ ያውቃል። በዕድሜው ብዙ ውሸት አይቷል፤ እንደዚህ ቆሞ የሚያንቀላፋ ውሸት ግን አላየም።

ቢሆንም ጥርጣሬ የለመደ ሰው በአንድ ማየት አይረካም። የማጠቢያውን ሠራተኞች የምታዝዘው ወይዘሮ ዘርፌ፣ ጠና ያለች የዚያው አገር ሴት፣ ከመስኮቱ ሥር አገኘችው።

«አባት፣ ሸሚዝ ጠፋብዎ?»

«የትዝታ አባት ነኝ። ልጄ የምታድርበትን ልይ» አላት።

ዘርፌ ከእግሩ እስከ ራሱ አየችው። ሌሎች አባቶች ሲመጡ የሚጠይቋት ደሞዙን እንደ ሆነ፣ ማደሪያ አሳዪኝ ያለ እርሱ የመጀመሪያው እንደ ሆነ እየነገረችው ቀደመች። ሴቶቹ የሚያድሩበት ቤት ከማጠቢያው አጠገብ ነው፤ በዚያ ሰዓት ሰው አልነበረበትም። አራት አልጋ አለው። በአንደኛው ራስጌ የእመቤታችን ሥዕል ተለጥፏል፤ ከሥዕሉ ሥር የሻረግ ፈትላ የሰጠቻት ነጠላ ታጥፎ ተቀምጧል። ካሴ አልጋውን ከአንድ ጊዜ በላይ አላየም። ወደ በሩ ዞረ። ከውጭ የሚቆለፍበት እንደ ሌለው በእጁ ዳስሶ አረጋገጠ። ከዚያም ወደ ውስጥ ገብቶ በሩን ዘጋ፤ ወፍራሙን የብረት መቀርቀሪያ ገፋው፤ በሩን በሙሉ ኃይሉ ሳበው። አልተነቃነቀም፤ በውስጥ ያሉት ሳይከፍቱለት ማንም አይገባም።

ዘርፌ ከውጭ ሆና ትንሽ ጠበቀች።

«አባት፣ ልጅዎን ሊጠይቁ መጥተው እዚያው ሊያድሩ ነው?»

ከፍቶ ወጣ። እግዜር ይስጥሽ አላት።  አንድ ዓመት ሙሉ ያንን ጥያቄ ሲሸከም እንደ ኖረ የተሰማው ያን ጊዜ ነው። መጠርጠርም እንደ ማረስ ነው፤ ክብደቱ የሚታወቀው ሲያቆሙት ነው።

ወደ ምግብ ቤቱ ሲመለስ ቁርስ ተነሥቷል። ትዝታ በር ላይ ቆማ ነበር፤ ዘርፌ ነግራት ይሁን ወይም በራሷ አስባ አላወቀም። ካሴ ሳያያት ተናገረ።

«የቀረ ነገር ካለ አምጪ።»

ሁለት ቁራሽ ዳቦና የቀዘቀዘ እንቁላል አመጣች። ባረከና በላ። እንቁላሉ ጨው አንሶት ነበር፤ አልተናገረም። ልጅቱ እስኪጨርስ ድረስ አጠገቡ ቆማ ቆየች። እንድትቀመጥ በእጁ ምልክት ሰጣት፤ ሥራ ሰዓት መቀመጥ እንደማይፈቀድ ነገረችው። ይህም አደከመው።

ከሰዓት በኋላ ለትዝታ ዕረፍት ተሰጣት። እናትና ልጅ ወደ ውሃው ወረዱ። የሻረግ ቀሚሷን እንደ ለበሰች እስከ ጉልበቷ ገባች፤ መጀመሪያ ግን አማተበች። በአገሯ ሰው ሆን ብሎ ውሃ የሚገባው ጠበል ሲሆን ነውና፣ ጉልበቷን በውሃው እያሸች «በስመ አብ» ስትል በአጠገቧ የሚዋኙት ዘወር ብለው አዩአት። ካሴ ጫማውን አውልቆ ዳር ላይ ቆመ።

«ውሃውንም ጠረጠሩት?» አለች የሻረግ።

«ታቹ አይታይም» አላት።

ትዝታ ሣቀች። ካሴም አንድ እርምጃ ገባ። ውሃው ለብ ያለ ነው። እግሩ በአሸዋው ውስጥ ትንሽ ሰመጠ፤ እዚያው ቆመ።  የሚባለው ዕረፍት ይህ ከሆነ፣ አጭር ነው፤ ልጅቱ ፀሐይ ሳትጠልቅ ወደ ማጠቢያው ትመለሳለች፣ እነርሱም ነገ ይሳፈራሉ። ያን ማታ ካሴ አልጋው ላይ ተኛ። አንሶላው የሳሙና ሽታ ነበረው። ከአጠገቡ ከማጠቢያው ቤት የማሽኑ ድምፅ እስኪያንቀላፋ ድረስ ይሰማው ነበር።

ዓርብ ጠዋት ሲለያዩ ልጁ ጉልበቱን ልትስም ዝቅ ስትል፣ እጇን ይዞ አነሣት። የተሰነጣጠቀውን ጣቷን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። ቅቤ ቀቢው አላት፤ እሺ አለችው። ሁለቱም በዚያ ሙቀት ቅቤ እንደማይበረክት ያውቃሉ።

ቤታቸው እሑድ ቀትር ላይ ሲገቡ፣ ካሴ ጋቢውን ሳያወልቅ ቢላዋውን ሳለ። ነገ ነነዌ ስለሚገባ ቀኑ አንድ ብቻ ነው። በጉ ከብዶ ስለ ነበር ሁለት ሰው ያዘው። ሥጋው በስሎ ሲቀርብ ጎረቤት ተጠራ፤ እንዳልካቸውም መጣ። ሁለተኛ ጊዜ ተጎርሶ፣ ጠላ ተቀድቶ እንደ ሆነ፣ ጎረቤቱ የቆየውን ጨዋታ አነሣ።

«በል እንግዲህ አይተህ መጣህ። ራቁቱን ለሚውል ሰው የምን ልብስ ይታጠባል?»

 የሻረግ እጇን ከገበታው አነሣች። ካሴ የያዘውን ሥጋ አላምጦ እስኪውጥ ሰውን አስጠበቀ።

«አንሶላና ፎጣ» አለ።

እንዳልካቸው ከዚያ ሌላ የሚጨምር መስሎት ጠበቀ። ካሴ በመጨረሻ አንድ ነገር ብቻ ጨመረ፤ ሰምቶ ሳይሆን ራሱ ገብቶ፣ ዘግቶና ስቦ ያረጋገጠውን። ትዝታ የምታድርበት ቤት መቀርቀሪያው ብረት ነው፤ የሚዘጋውም ከውስጥ ነው።