ዛሬ አይዘንብም

አባቴ ተዋጊ ጄት አብራሪ ነበር። በምሥራቅ ግንባር የጠላትን አውሮፕላን ከጓዶቹ ሁሉ ቀድሞ በማየቱ ተሸልሟል። ሜዳሊያው አሁን ቴፒ ባለው ቤታችን፣ መሳቢያ ውስጥ፣ ከመቀስና ካለቀ ባትሪ ድንጋይ ጋር ተቀምጧል። መንግሥት ሲወድቅ ሠራዊቱ ተበተነ፤ እሱም ጥቂት ወራት ታስሮ ወጣና የእናቴን ዘመዶች ተከትሎ እዚህ መጣ። መጀመሪያ በቡና እርሻ ተቀጠረ፤ ቆይቶ የራሱን ቡና ተከለ። ስለ ጦርነቱ ሲጠይቁት "አለፈ" ይላል፤ ከዚህ የበለጠ ከአፉ አይወጣም።

ከዚያ ሁሉ የቀረለት አንድ ነገር ነበር። በቡና ለቀማ ወራት ጎረቤቶቻችን ጠዋት ጠዋት አጥራችን ጋ ቆመው "ሻምበል፣ ዛሬ እንዴት ነው?" ይሉታል። እሱ እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ ዝናቡ ወደሚመጣበት ወደ ማሻ በኩል ያያል። "አይዘንብም" ካለ ሸራውን ገፈው ቡናቸውን ለፀሐይ ያሰጣሉ፤ "ሸፍኑ" ካለ ይሸፍናሉ። የአየር ትንበያ እኮ ስልክ ላይ አለ ስላቸው ይስቁብኛል።

ዓይኑ መድከሙን ያወቅኩት ሻይ ሲቀዳ ከብርጭቆው ውጭ ሲያፈስ አይቼ ነው። ሚዛን ከተማ ሆስፒታል ወስጄ አስመረመርኩት። ሐኪሙ የዓይኑ ብርሃን ከእንግዲህ የሚመለስ እንዳልሆነ ነገረን። ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ "ለጎረቤት እንዳትነግሪ" አለኝ። እሺ አልኩት። ማዘን ነበረብኝ፤ ግን ምንም አልተሰማኝም። እስከ ቴፒ ድረስ የሹፌሩን ማጅራት ሳይ መጣሁ።

ባለፈው ኅዳር አንድ ጠዋት እንደ ልማዳቸው ጠየቁት። ፊቱን ወደ ማሻ አዞረና "ዛሬ አይዘንብም" አለ። እኔ ደመናው ጠቁሮ ሲመጣ ይታየኛል። እነሱም "እሺ ሻምበል" ብለው ሄዱ። የሸራውን ጫፍ ይዤ የቡና ማስጫው አልጋ አጠገብ ቆምኩ። ብሸፍን፣ ሰው ሁሉ እያየ አባቴን ዕውር ነው ማለቴ ነው። ሸራውን ጥዬ ገባሁ።

ከቀትር በኋላ ዝናቡ ወረደ። የሁለት ሳምንት ለቀማችን እንዳለ ራሰ። ሲያባራ ብወጣ የጎረቤቶቹ ቡና በሙሉ ተሸፍኗል። አንዷ ጎረቤታችን ልታግዘኝ መጣች።

"እኛማ ደመና ካየን እንሸፍናለን" አለችኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "ከዓምና ጀምሮ። አንቺም የምትሸፍኚ መስሎን!"

"ታዲያ ለምን ትጠይቁታላችሁ?"

"ካልጠየቅነው ምን ይቀርለታል?"

ተናደድኩ። ዓመት ሙሉ ምስጢር ጠባቂ ነኝ ብዬ ስኮራ፣ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ ቡናው የበሰበሰው የእኔ ብቻ።

አባቴ ወንበሩ ላይ ነበር። "ትንሽ ረጥቧል" አልኩት።

"የኛ ብቻ ነው የረጠበው" አለ።

"እንዴት አወቅህ?"

"ሸራ ሲጎትቱ ይሰማኛል፤ ጆሮዬ ደህና ነው። ዛሬም ከቀትር በፊት ሁሉም ጎተቱ። ያንቺን ብጠብቅ ብጠብቅ የለም። ልጠራሽ ነበር፤ ከአፌ አልወጣ አለኝ። ከእንግዲህ የምለውን ተዪው። አንቺም እንደነሱ አድርጊ።"

በማግስቱ ጎረቤቶች መጥተው ጠየቁት። እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ "አይዘንብም" አለ። ሲሄዱ ግን ወደ ቤት አልገባም፤ ጆሮውን ወደ ቡናችን ማስጫ አዘንብሎ በረንዳው ላይ ቆመ። ሰማዩ ጠርቷል፤ ያ የራሰ ቡና የሚፈልገው ፀሐይ ነው፤ እሱ የሚጠብቀው ግን የሸራዬን ድምፅ ነው። ሸራውን አንስቼ፣ እንዲሰማው አድርጌ እየጎተትኩ፣ ከዳር እስከ ዳር ሸፈንኩት። አባቴ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀና ግድግዳውን እየዳሰሰ ገባ።

ያኔ ነው ያለቀስኩት።