የየብርጓል ጉርሻ

አክስቴ የብርጓል ሰው ሳታበላ ማሳለፍ አይሆንላትም ነበር። የጠላቻትን ሴት እንኳ በደንብ ካበላቻት በኋላ ነው የምትሰድባት።

ይህ አመሏ በጣሊያን ጊዜ ባሏን እንዳላማውን አሳሰረው። በደምበጫ በኩል ለነበሩት አርበኞች ስንቅ ያዘጋጀችው እሷ፣ በአህያ ጭኖ ሲያደርስ የተያዘው እሱ። ደብረ ማርቆስ አሰሩት። እስረኛን የሚያበላው ቤተሰቡ ነበርና እሷም ስንቁን ተሸክማ ትመላለስ ጀመር።

አንድ ቀን አንድ ወጣት የጣሊያን መኮንን በአስተርጓሚ አስጠራት። ሲኒማ ሊያነሱ ነው። እሱ ገበያው መካከል ቆሞ ፉርኖ ዳቦ ያጎርሳታል፤ እሷ ጎርሳ እጅ ትነሳለች፤ ከዚያ ባሏ ይፈታል። የተራበ አገር አበላን ሊሉ ነው እንግዲህ! ጎተራውን ያራገፉት እነሱ መሆናቸውን ካሜራው አያነሳም።

ለባሏ በእስር ቤቱ አጥር በኩል ነገረችው። እንዳላማው ግትር ሰው ነው።

«ከእጃቸው ጎርሰሽ ከምታስፈቺኝ እዚሁ ልሙት» አላት። «ብፈታም ሁለተኛ ካንቺ እጅ አልጎርስም።»

ምን ታድርግ? እምቢ ብትል ባሏ እዚያው ይቀራል፤ ብትጎርስ ቤት ገብቶም ታጣዋለች። ያንለት ሽሮውን እያለቀሰች ሠራችው። በርበሬውን ግን እሱ እንደሚወደው አበዛችው።

በማግስቱ ገበያው መካከል አቆሟት። ሕዝቡን ወታደሮች ወደ ኋላ ገፍተውታል። መኮንኑ ፉርኖውን ቆርሶ ወደ አፏ ዘረጋ። የብርጓል ቀና ብላ አየችው፤ ጉንጩ የጎደጎደ፣ ጢሙ በቅጡ ያልወጣ ልጅ ነው። ዳቦውን በሁለት እጇ ተቀበለችና ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠረችው። ከዚያ የባሏን ስንቅ ፈታች።

«በሞቴ ብላ ልጄ» አለችው፣ ዳጎስ ያለ ጉርሻ ጠቅልላ። «አገሩ የእኛ ነው፤ እንግዳው አንተ ነህ። አንተ ሳትበላ እኔ አልበላም።»

አስተርጓሚው «ብላ» የምትለዋን ብቻ ተረጎመ። ካሜራው ያነሳል። መኮንኑ ግራ ተጋባና አፉን ከፈተ። በርበሬው ዓይኑን በእንባ ሞላው።

ጣሊያኖቹ ተደሰቱ፤ ፍቅር ያስለቀሰው መስሏቸው ይሆናል። እንዳላማው ተፈታ። ፉርኖውን ዶሮዎቿ በሉት።

ቤት ሲገባ ግን ከእጇ አልጎርስም አለ። ከሩቅ ያዩ ሰዎች «ዳቦውን ተቀብላለች» ብለውታል። ብትምል ብትገዘት መልሱ «በዓይኔ ካላየሁ» ነው። ራሱ እየቆረሰ ይበላል፤ እሷ ፊት ለፊቱ ተቀምጣ ታየዋለች። አገሩን ሁሉ ስታጎርስ የኖረች ሴት ባሏ አፉን ዘጋባት! እኔ ብሆን ገበታውን ራሱ ላይ እደፋው ነበር። እሷ ግን ትወደዋለች።

ከወራት በኋላ ሲኒማው መጣ። ነጭ አቡጀዲ ገበያው ዳር ግድግዳ ላይ ወጥረው ሕዝቡን አመሻሹ ላይ ሰበሰቡ። እንዳላማውም ከኋላ ቆመ። አቡጀዲው ላይ የየብርጓል እጅ ወደ መኮንኑ አፍ ሲሄድ አንዲት ሴት እልል አለች፤ ከዚያ ገበያው በእልልታ ተናጋ። ጣሊያኖቹም ደስ ብሏቸው አብረው አጨበጨቡ።

ቤት ሲደርሱ እንዳላማው እጁን ታጥቦ ገበታው ሲቀርብ እጁን አልሰነዘረም፤ ወደ ሚስቱ ዞሮ አፉን ከፈተ። አጎረሰችው።

«ያ ጉርሻ እኮ የእኔ ነበር» አላት እያኘከ።

«የእርስዎ ነበር» አለችና ሁለተኛውን ጠቀለለች።