አቶ ናጋ ናጋ

አጎቴ ካረፉ አርባቸው አለፈ፤ እኔ ግን ዛሬም አንድ ቦታ መቀመጥ አቅቶኛል።

በጃንሆይ ዘመን በነገሌ ፍርድ ቤት አስተርጓሚ ነበሩ። ባለጉዳይ ሲመጣ አስቀድመው በኦሮምኛ «ናጋ?» ይሉታል፤ ሰላም ነህ ወይ ማለታቸው ነው። ቃሏንም በደብተራቸው ገጽ ራስጌ ይጽፏታል። ሰውየው «ናጋ» ብሎ ሲመልስ እሷንም ከሥር ይጽፋሉ። ጉዳዩ የሚጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። «ሰላምታው ሳይመለስ ነገር አይጻፍም» ይሉ ነበር። ጡረታ ከወጡም በኋላ ከቤታችን የሚገባ የሚወጣውን ሁሉ እንደ ባለጉዳይ ሲመዘግቡት እንስቅባቸው ነበር።

ደብተሮቻቸውን ለአንድ ትንሽ ኮሌጅ ቤተ መዛግብት ሰጠሁ። ትናንት ብሄድ ሳጥኑ ላይ «የአቶ ናጋ ናጋ ሰነዶች» የሚል ተለጥፏል። የመዝገብ ሠራተኛው ለአገሩ እንግዳ ነው፤ ስም ከነአባት መስሎታል! ሳቄ አመለጠኝ።

«እትዬ፣ መጨረሻው ገጽ ላይ ግን የአባቱ ስም ጎድሏል» ብሎ ገልጦ አሳየኝ።

«ናጋ» ይላል። ከሥሩ ባዶ መስመር ነው።

ለመጨረሻ ጊዜ ያየኋቸውን ጠዋት አስታወስኩ። ወደ ሻኪሶ ልሄድ ስጣደፍ «ናጋ?» አሉኝ። «ጋሼ፣ መኪናው ሊሄድብኝ ነው!» ብዬ ሮጥኩ። ስመለስ ደጃችን ላይ ድንኳን ተተክሎ ነበር።

«እርሳስ ስጠኝ» አልኩት።

«ይቅርታ እትዬ፣ ሰነድ ላይ መጻፍ ክልክል ነው።»